ጎንደር ላይ የሚሠራ የእንፋሎት ማሽን፦ ስቲምፓንክ ኮሚክ ከሐሳብ እስከ ተጠናቀቀ ገጽ

ስቲምፓንክ የሚሞክሩ ልጆች ገጻቸውን ሲያሳዩኝ ችግሩ ሁሌም አንድ ነው። የፋሲል ግንብ አለ፣ ግድግዳው ላይ ጥርሳም ጎማዎች ተለጥፈዋል፣ ዋናው ገጸ ባሕርይ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ቆሟል። እጃቸው ጥሩ ነው፣ አሳሳላቸው ያምራል። ግን «ይሄ ጎማ ምንድነው የሚያዞረው?» ስላቸው ዝም ነው። ሁለተኛው ገጽ ላይ ታሪኩም ዝም ይላል፤ ምክንያቱም ማሽኑ ጌጥ ከሆነ ገጸ ባሕርያቱ የሚያደርጉት ነገር የላቸውም።

ለማያውቅ ባጭሩ፦ ስቲምፓንክ ኤሌክትሪክና ቤንዚን ዓለምን ሳይቆጣጠሩ፣ ሥልጣኔ በእንፋሎት ጉልበት ብቻ ቢገፋ ኖሮ ምን ይመስል ነበር ብሎ የሚነሳ የፈጠራ ዓይነት ነው። ይሄ መመሪያ አንድ ገጽ ከመነሻው እስከ መጨረሻው እንድትሠሩ ነው። ቅደም ተከተሉን አትዝለሉ። በተለይ ደረጃ 3ን።

## ከመጀመራችሁ በፊት

እነዚህን አዘጋጁ፦

- ወፈር ያለ ወረቀት፣ ቢቻል 160 ግራምና ከዚያ በላይ። የፎቶ ኮፒ ወረቀት ቀለም ይጠጣል፣ መስመሩ ዳር ዳሩን ይበተናል።
- መጠኑ ኤ3 ይሁን። ካጣችሁ ሁለት ኤ4 ጎን ለጎን አድርጉና በጀርባ በኩል በፕላስተር አያይዙ።
- ለንድፍ 2ኤች እርሳስ፣ ለማጠንከሪያ ኤችቢ።
- ላጲስ፣ ማስመሪያ፣ ኮምፓስ።
- ሁለት ጥቁር እስክሪብቶ፣ አንዱ ቀጭን አንዱ ወፍራም፣ ውሃ ሲነካው የማይለቅ።
- ኪስ የሚገባ ትንሽ የንድፍ ደብተር።

ማስጠንቀቂያ፦ እስክሪብቶውን ሳትፈትኑ ገጹ ላይ አታሳርፉ። ቁራጭ ወረቀት ላይ አስምሩ፣ ትንሽ ጠብቁ፣ እርጥብ ጣት አሳልፉበት። ከለቀቀ ለዚህ ሥራ አይሆንም። የቀን ሥራችሁ በአንድ ጠብታ ውሃ ይሄዳል።

## ደረጃ 1፦ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ

ሁሉን ነገር ባንዴ የቀየረ ሰው ዓለሙን ራሱም አያውቀውም። አንድ ለውጥ ምረጡ፣ ሌላው ሁሉ እንደነበረ ይቆይ።

1. እውነተኛ ታሪክ ውስጥ ቀዳዳ ፈልጉ። እኔ ቶሎ የሚታየኝ የአፄ ቴዎድሮስ ዘመን ነው። ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ አውሮፓውያን ሚስዮናውያንና የእጅ ባለሙያዎች ለንጉሡ መድፍ ያቀልጡ ነበር። ትልቁ መድፍ ሴባስቶፖል 7 ቶን ገደማ ይመዝናል። መቅደላ ድረስ የተጎተተው በሰው ጉልበት ነው፣ መንገዱ ከፊት ከፊቱ እየተቆፈረ፣ ወራት ፈጅቶ። ቴዎድሮስን ሊወጋ በመጣበት ዘመቻ፣ በ1868 እ.ኤ.አ.፣ የእንግሊዝ ጦር ዙላ በሚባለው የቀይ ባሕር ዳርቻ ላይ አጭር ሐዲድ ዘርግቶ የእንፋሎት ባቡር ነድቷል። አስቡት፦ እንፋሎቱ ባሕሩ ዳር ደርሷል፣ መድፉ ደግሞ ገና በትከሻ ይጎተታል። ቀዳዳው እዚህ ነው።
2. ይህን ዓረፍተ ነገር ሙሉ፦ «___ ቢሠራ ኖሮ፣ ___ ይቀየር ነበር፤ ግን ___ ይጎዳ ነበር።»
3. ምሳሌ፦ «ጋፋት ላይ የእንፋሎት ጎታች ቢሠራ ኖሮ፣ ሴባስቶፖል በሰው ትከሻ ባልተጎተተ ነበር፤ ግን የጭልጋ ገበሬ መሬቱን ለከሰል ጉድጓድ ይነጠቅ ነበር።»

ሦስተኛውን ባዶ ቦታ ብዙ ሰው ይተወዋል። እሱን ካልሞላችሁ ጠብ የለም፣ ጠብ ከሌለ ደግሞ ታሪክ የለም።

ጭልጋን ያነሳሁት በምክንያት ነው። ከጎንደር ወደ መተማ በሚወስደው መንገድ የድንጋይ ከሰል በእውነት መሬት ውስጥ አለ። ማሽናችሁ የሚበላው ነገር ከየት እንደሚመጣ ቦታውን ጠርታችሁ ስትናገሩ አንባቢ ያምናችኋል።

ከተሳሳተ፦ ለውጡ አንድ ሳይሆን አምስት ሆኖባችኋል? አምስቱንም ጻፉ፣ አንዱን ክበቡ፣ የቀሩትን ለሌላ ታሪክ አስቀምጡ። ሌላ የተለመደ ስህተት ባሕር ዛፍ ነው። ወደ አገራችን የገባው በምኒልክ ዘመን ስለሆነ የቴዎድሮስ ዘመን ኮረብታ ላይ አትሳሉት። ወይራ፣ ጽድ፣ ዋንዛ ይሁን።

## ደረጃ 2፦ ወጥታችሁ እዩ

ኢንተርኔት ላይ ያለውን የለንደን ጭስ አይታችሁ ጎንደርን መሳል አይቻልም። ሁለት ቦታ ሂዱ፣ ግንቡ ጋና ወፍጮ ቤት።

ግንቡ ጋ። ፋሲል ግቢ ውስጥ ከማዕዘን ማማዎቹ ጀምሩ። ክብ ናቸው፣ አናታቸው እንቁላል መሰል ጉልላት ነው። ቀጥሎ ግድግዳውን ጠጋ ብላችሁ እዩ። ቡናማው ድንጋይ አንዱ ከሌላው መጠን ጋር አይገጥምም፣ መሃሉን ኖራ ይዞታል። ቁስቋም ከሄዳችሁ ቀላ ባለ ድንጋይ የተሠራውን ጌጥ ፈልጉ። ብዙ ልጆች ግድግዳውን እንደ ብሎኬት ደርድረው ይስሉታል፣ ያኔ ግንቡ የአውሮፓ ይሆንባቸዋል። መፍትሔው ቀላል ነው። ድንጋዩን ማዕዘን ላይና ጥላ የሚጀምርበት ጠርዝ ላይ ብቻ ሳሉ፣ መሃሉን ባዶ ተዉት። ዓይን ራሱ ይሞላዋል።

ወፍጮ ቤት። ለእኔ ይሄ ከግንቡ ይበልጣል። የሚሽከረከር ነገር ምን እንደሚመስል የምታዩት እዚህ ነው። ቺንጋ የሚባለው ወፍጮውን የሚያዞረው ረጅም ቀበቶ ነው። መጀመሪያ አስፈቅዱ፦ «ጋሼ፣ ቺንጋውን ልስል ነበር፣ እዚህ ጥግ ብቆም ይከፋዎታል?» ብዙ ጊዜ እሺ ይላሉ፣ እንዲያውም ያስረዷችኋል።

ከዚያ ዝም ብላችሁ እዩ። የቺንጋው አንዱ ወገን ተወጥሮ ቀጥ ይላል፣ ሌላው ወገን ላላ ብሎ ይርገበገባል። ሁለቱንም ቀጥ አድርጋችሁ ከሳላችሁ ማሽኑ የቆመ ይመስላል። ዱቄት ሁሉ ነገር ላይ ተኝቷል፤ ጣራው ላይ፣ የሸረሪት ድር ላይ፣ የሰውየው ቅንድብ ላይ። የሚሽከረከረው ብረት ላይ ግን የለም። ዘንጉ የሚገባበት ኩሽኔታ ዙሪያ ግራሶው ጠቁሮ ዱቄት ጠጥቶ ሊጥ መስሏል። ባለወፍጮው ደግሞ የሚወርደውን ዱቄት በሁለት ጣቱ ፈትጎ ይሞክራል፤ ሻካራ ከሆነ ያለ ምንም ንግግር እጁን ሰዶ ድንጋዩን ያጠብቃል። ይቺን የእጅ እንቅስቃሴ ሳሏት። ማሽኑን የሚያውቅ ሰው እንዲህ ነው የሚነካው፣ የእናንተ ባለማሽንም እንዲህ መንካት አለበት።

ማስጠንቀቂያ፦ ነጠላ፣ ሻርፕ፣ የተለቀቀ ፀጉር ይታሰር። ከቺንጋው በክንድ ርቀት ሳይሆን በደንብ ራቁ። ቺንጋ ጨርቅ ከያዘ ሰውንም ይዞ ይሄዳል።

## ደረጃ 3፦ ማሽኑን ወረቀት ላይ አሠሩት

ገጹን ገና አልጀመርንም። በንድፍ ደብተራችሁ ላይ እነዚህን ስድስት ጥያቄዎች በቅደም ተከተል መልሱ፣ መልሱን በስዕል፦

1. እሳቱ የት ነው፣ ማን ነው የሚማግደው?
2. ውሃው በየት ይገባል?
3. እንፋሎቱ የት ይጠራቀማል?
4. ምንን ይገፋል?
5. ግፊቱ እንዴት ወደ መሽከርከር ይቀየራል?
6. መጨረሻ ላይ ምን ሥራ ይሠራል? ይጎትታል፣ ይፈጫል፣ ያነሳል፣ ይቀጠቅጣል?

አንዱ ካልተመለሰ ወደ ደረጃ 4 አትለፉ።

አሁን ለምን እንደዚያ እንደሚሳል ላስረዳ፣ ምክንያቱን ካወቃችሁ ቅርጹ ራሱ ይመጣል። ውሃ ወደ እንፋሎት ሲቀየር፣ ክፍት ቦታ ላይ ቢሆን፣ ከ1,600 እጥፍ በላይ ቦታ ይፈልጋል። ተዘግቶበት ቦታ ሲያጣ ይገፋል። ጉልበቱ ያ ነው። ስለዚህ ቦይለር፣ ውሃው የሚፈላበት ዕቃ፣ ክብ በርሜል ነው። ጠፍጣፋ ጎን ካለው ግፊቱ ያሳብጠዋል። ካሬ ቦይለር የሳለ ሰው ሊፈነዳ ያለ ማሽን ነው የሳለው። ላሜራው በሚጋጠምበት መስመር ላይ ሪቬቶቹን (ላሜራውን የሚያያይዙትን ባለ ራስ ብረቶች) በእኩል ርቀት ደርድሩ፤ እንዲያምር ብላችሁ መሃል ሆዱ ላይ አትበትኑ።

ከቦይለሩ ቱቦ ወጥቶ ፒስተን (እንፋሎቱ የሚገፋው ተንሸራታች ብረት) ወዳለበት ሲሊንደር ይሄዳል። ፒስተኑ ወደፊትና ወደኋላ ብቻ ነው የሚሄደው። መሽከርከር ከፈለጋችሁ ገፊ ዘንግ ሳሉና ጫፉን ከትልቁ ጎማ ጋር ከመሃሉ ፈንጠር አድርጋችሁ አያይዙት። መሃሉ ላይ ካያያዛችሁት አይዞርም። ይህን ስህተት ያላየሁበት ደብተር ጥቂት ነው።

ስለ ጥርሳም ጎማ፦

- ሁለት የተያያዙ ጎማዎች በተቃራኒ አቅጣጫ ይዞራሉ። በእያንዳንዱ ላይ በእርሳስ ቀስት አድርጉ።
- ሦስት ጎማ እርስ በርስ ሁሉም ከተነካኩ ምንም አይዞርም፣ ይቆለፋል። ቀስቶቹን ስትስሉ ወዲያው ይታያችኋል።
- የሚያያዙ ጎማዎች የጥርሳቸው መጠን እኩል መሆን አለበት። የሚለያየው ብዛቱ ነው። 10 ጥርስ ያለው 40 ጥርስ ያለውን ካዞረ፣ ትልቁ አንዴ ሲዞር ትንሹ አራት ጊዜ ይዞራል። ትልቁ ይዘገያል፣ ጉልበቱ ግን ይጨምራል። መድፍ ለመጎተት የምትፈልጉት ይሄንን ነው።

ጭስና እንፋሎትን ለዩ። ጭስ ከጭስ ማውጫው ነው፣ ይጠቁራል፣ ይከብዳል። እንፋሎት ከቫልቭ (እንፋሎቱን ከሚከፍተውና ከሚዘጋው መክፈቻ) እና ከሚያፈስ መገጣጠሚያ ነው፣ ነጭ ነው። ልክ ከቀዳዳው አፍ ላይ ግን አይታይም፤ ትንሽ ራቅ ብሎ ነው ነጭ የሚሆነው። ቤት ውስጥ የሚንተከተክ ማንቆርቆሪያ አፍ ላይ እዩት። ያቺን ባዶ ክፍተት ስትተዉ እንፋሎቱ ይተኩሳል፣ ከጠርዙ ጀምራችሁ ደመና ከሳላችሁ ግን ጥጥ ይሆናል።

ሌላም ልጨምር፣ በጣም የምወዳት ነገር ናት። ጎንደር ከፍታ ላይ ስለሆነች ክፍት ድስት ውስጥ ውሃ የሚፈላው 93 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፣ 100 ላይ አይደለም። ከባሕር ዳርቻ የመጣ መሐንዲስ «ቴርሞሜትሬ ተበላሽቷል» ሲል፣ የጎንደር ልጅ «እኛ ጋ እንዲህ ነው የሚፈላው» ብትለው፣ በሁለት ፊኛ (ንግግር የሚጻፍበት ክብ) ማን አገሩን እንደሚያውቅ ነገራችሁ።

ከተሳሳተ፦ ማሽኑ ምን እንደሚሠራ ከጠፋባችሁ አጥፉትና ሰዎቹን ብቻ ሳሉ። ያለ ማሽን ያን ሥራ እንዴት ነበር የሚሠሩት? ስንት ሰው፣ በየትኛው እጅ፣ ምን ተሸክሞ? ከዚያ ማሽኑን በሚተካቸው ሰዎች ቦታ አስገቡት።

## ደረጃ 4፦ ማሽኑን ከከተማው ጋር አጋቡት

1. ከባዱን ነገር መሬት ላይ አስቀምጡ። በድንጋይና በኖራ የተሠራ ግንብ አናት ላይ የሚንቀጠቀጥ ቦይለር ብትሰቅሉ ግድግዳው ይሰነጠቃል። ቦይለሩ ውጭ ይሁን፣ ቱቦው በመስኮት ይግባ።
2. ውሃ ያለበትን ቦታ ምረጡ። የፋሲል መዋኛ ውሃ የሚመጣለት ከቀሃ ወንዝ ነው። የእናንተም ቦይለር ቀሃ ዳር ቢሆን አንባቢው ለምን እዚያ ሆነ ብሎ አይጠይቅም።
3. የመጠን መለኪያ አስገቡ፤ አህያ፣ እንስራ የተሸከመች ሴት፣ በር። ያለ እነሱ ማሽኑ ትልቅ ይሁን ትንሽ አይታወቅም።

ማስጠንቀቂያ፦ ቤተ ክርስቲያንን ፋብሪካ አታድርጉ። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣራ ላይ ጭስ ማውጫ የተከለ ገጽ አይቻለሁ። አንባቢ ታሪኩን ትቶ እሱን ይይዛል፣ ልክም ነው። ከዚያ ቤት የምትወስዱት ሌላ ነገር አለ፣ እሱን ደረጃ 5 ላይ ታገኙታላችሁ።

## ደረጃ 5፦ ሰዎቹ

መነጽር እሳት አጠገብ ለሚሠራ ብቻ ነው። ጸሐፊው ግንባር ላይ ምን ይሠራል? ረጅም የእንግሊዝ ባርኔጣም አያስፈልግም። ጥምጥም አለ፣ በርኖስ አለ፣ ካባ አለ። እሳት ማጋጁ ጋቢውን ወገቡ ላይ ጠምጥሞ፣ በጫፉ የጋለውን የምድጃ በር ቢይዝበት ያ ልብስ ከማንኛውም የቆዳ ጓንት በላይ ይናገራል።

በድሮው ሥዕላችን ጻድቅ ሁለት ዓይኑ እየታየ ፊት ለፊት ይሳላል፣ ክፉ ደግሞ በጎን፣ አንድ ዓይኑ ብቻ እየታየ። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ሄዳችሁ እዩ። ይህን ኮሚክ ውስጥ አስገቡት። አንድ ገጸ ባሕርይ ሁለት ገጽ ሙሉ በጎን ብቻ ሳሉትና፣ ሐሳቡን የቀየረ ዕለት ፊቱን ወደ አንባቢው አዙሩት። አንድም ቃል አያስፈልግም።

ብረት የሚቀጠቅጠውን ሰው ግን አደራ፣ በጥንቃቄ ሳሉት። በአገራችን ቀጥቃጭ ሲሰደብ የኖረ ነው፤ ምኒልክ ሠራተኛ እንዳይሰደብ አዋጅ እስከማውጣት ደርሰዋል። የእናንተ ዓለም ደግሞ የቆመው በዚያ ሰው መዶሻ ላይ ነው። ማሽኑ አገር ሲያኮራ ሠሪው ምን ተባለ? የምትፈልጉት ታሪክ ምናልባት እዚያ ነው ያለው።

## ደረጃ 6፦ ገጹንና ፊደሉን አንድ ላይ ንደፉ

1. የክብሪት ሳጥን የሚያህሉ አራት ትንንሽ ንድፎች ሥሩ፣ ሁሉም አንዱ ገጽ ናቸው፣ አደራደራቸው ይለያይ። ጥሩውን ምረጡ።
2. በገጹ ከአምስት ወይም ስድስት ሳጥን (አንድ ስዕል የሚይዝ ክፍል) አትለፉ። አንዱ ትልቅ ይሁንና ማሽኑ ሙሉ ይታይበት።
3. ስዕል ከመጀመራችሁ በፊት ንግግሩን በእርሳስ ጻፉት፣ ፊኛውን በዙሪያው ክበቡ። ፊኛን መጨረሻ ላይ የሚያስገባ ሰው ወይ ፊት ይሸፍናል ወይ ፊደል ያጨናንቃል።
4. ኤ3ውን ወደ ኤ4 ስታሳንሱ ሁሉም ነገር ወደ 70 በመቶ ይወርዳል። ስለዚህ ፊደላችሁ ቢያንስ 5 ሚሊ ሜትር ቁመት ይኑረው።
5. ለፊደል ቀጭኑን እስክሪብቶ ተጠቀሙ። የእኛ ፊደል ልዩነቱ እግሩና ቀለበቱ ላይ ነው። የ«ሌ» ቀለበት ከተደፈነ «ሌባ» «ሊባ» ሆኖ ይነበባል።
6. ጩኸትን ለማሳየት ፊደሉን አተልቁ፣ አወፍሩ፣ ከፊኛው ጠርዝ ትንሽ አስወጡ። ድምፅ ስትጽፉ በጆሯችሁ የሰማችሁትን ጻፉ፦ ፒስተን «ቋ… ቋ… ቋ»፣ ቫልቭ «ሽሽሽሽ»፣ የወደቀ ብረት «ጓ!»።

አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል፤ ተጠቀሙበት። ዓረፍተ ነገሩን ለሁለት ሳጥን ክፈሉት። የመጀመሪያው፦ «ጌታዬ፣ ቫልቩን ሌሊት ላይ አንድ ሰው…» ሁለተኛው፣ የሚንቀጠቀጠው ቦይለር ላይ፦ «…ዘግቶታል።» አንባቢው በመሃል ትንፋሹን ይይዛል።

ከተሳሳተ፦ ንግግሩ ሳጥኑን ከግማሽ በላይ ከያዘ ፊደሉን አታሳንሱ፣ ቃሉን ቀንሱ። አሁንም ካልበቃ ለሁለት ሰው አካፍሉት።

## ደረጃ 7፦ ማጥቆርና ቀለም

ቅደም ተከተሉ፦ ፊደል፣ የፊኛ ጠርዝ፣ የሳጥን ጠርዝ፣ ፊት ያለው ሰው፣ ማሽኑ፣ ከኋላ ያለው፣ መጨረሻ ሙሉ ጥቁሩ። ከላይ ወደ ታች ሂዱ፤ ግራኝ ከሆናችሁ ከቀኝ ጀምሩ፣ እጃችሁ ያልደረቀ ቀለም ላይ እንዳያርፍ። እርሳሱን የምታጠፉት ሙሉ በሙሉ ከደረቀ በኋላ ነው። ቸኩሎ ላጲስ ማሳለፍ ጥቁሩን ወደ ግራጫ ይለውጠዋል።

ቀለም ከቀባችሁ ሁሉን ነገር ቡናማ አታድርጉ። ስቲምፓንክ ሲባል ቡናማ የሚመጣው የሌሎች ከተማ እንደዚያ ስለሚሳል ነው። የጎንደር ሥዕል ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴና ጠቆር ያለ ሰማያዊ ነው። አራት ቀለም ምረጡና በዚያ ብቻ ቆዩ። ብረቱን ጠቆር ያለ ሰማያዊ፣ እሳቱን ቢጫ፣ ሰዎቹ ያሉበትን ቀይ ብታደርጉ ዓይን መንገዱን አይስትም።

ከተሳሳተ፦ መስመር ካለፈባችሁ አትደናገጡ፣ ጥላ አድርጉት። ጥላ ካልሆነ ቁራጭ ወረቀት ለጥፋችሁ በላዩ ሳሉ፣ ፎቶ ሲነሳ አይታይም።

## ደረጃ 8፦ አንሱትና ፈትኑት

ስካነር ካገኛችሁ 300 ዲፒአይ (የምስል ጥራት መለኪያ) ላይ አንሱት። ካላገኛችሁ መስኮት አጠገብ፣ ፀሐይ በቀጥታ ሳያርፍበት፣ ስልኩን ከገጹ ትይዩ አድርጋችሁ አንሱ። በቴሌግራም ስትልኩ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩት፣ አለበለዚያ ተጨምቆ ፊደሉ ይደበዝዛል። ስልክ ላይ ሳታተልቁ አንብቡት። የማይነበብ ፊኛ ካለ እሱን ብቻ ሌላ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ለጥፉ።

ከዚያ ታሪኩን ለማያውቅ ሰው አሳዩና አንድ ነገር ብቻ ጠይቁ፦ «ይሄ ማሽን ምን ይሠራል?» እናንተ አታስረዱ፣ አፋችሁን ያዙ። ከመለሰ ገጽ 2 ጀምሩ። ካልመለሰ ገጹን አትቅደዱ። ወደ ደረጃ 3 ተመለሱ፣ ከስድስቱ ጥያቄ የትኛው ገጹ ላይ እንዳልታየ ፈልጉ፣ ለእሱ ብቻ አንድ ሳጥን ቀይሩ። አብዛኛውን ጊዜ የሚጎድለው የመጀመሪያው ነው፤ እሳቱን የሚማግደው ሰው።